ከጎመኑ ሥር የተዛቀ አፈር

አቃቂ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ዛሬ ልክ ሰማንያ አንድ ዓመት ከአራት ወር

ለወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለልጄ ለየአብስራ፤

በዚያ በብርድ አገር መውጣት መግባትሽን የአያትሽ የሳህሌ አምላክ ይጠብቅልሽ። እኔና እኅቴ የሺሐረግ እርጅና ካመጣብን በቀር ሌላ የሚነገር ሕመም የለብንም። በስልክ ለምን እንደማላነጋግርሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ድምፅሽ ወደ እኔ ሲደርስ የድሮው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ሊገባ ሲል ያሰማው የነበረውን ፉጨት ይመስላል። ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ምን እንዳልሽኝ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ልማዴ እጽፋለሁ።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ከጧት ጀምሮ ጥራጊውን በየደጁ ከምሮ ያጨሳል። በቃሊቲ መንገድ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጭስ ሲጨመርበት በራችን ላይ ቆሜ ፊት ለፊት ያለውን የሀይረዲንን ሱቅ ማየት አልቻልሁም። ሀይረዲን ያ ከስልጤ የመጣው፣ ልጅ ሳለሽ ከረሜላ እየሰጠ «ሂሳቡን ስታገቢ ትከፍይኛለሽ» ይልሽ የነበረው ጎረቤታችን ነው። የሺሐረግ ደረቅ አገዳ አንድዳ ከጭሱ መካከል ቆማ በነጠላዋ ወደ ፊቷ ታራግባለች። «ወንድም ጋሼ፣ ና እንጂ፣ ትንሽ ታጠን፤ ያ ሳልህ ይለቅሃል» አለችኝ። ሄጄ ታጠንሁ። ሳሉ ባሰብኝ።

ብዕር ያስነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከጓሮ ግድግዳችን ማዶ የነበረውን የበርሜል ማጠቢያ ታስታውሻለሽ። ኬሚካል የመጣባቸውን በርሜሎች እያጠቡ ለውኃ ማጠራቀሚያ ይሸጡበት የነበረ ግቢ ነው። ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ ተዘግቶ ሙጃ ውጦታል። በጥቅምት ወር ሄልሜት ያጠለቁ ሰዎች መጥተው መሬቱን በረጅም መሰርሰሪያ እየወጉ አፈር አወጡ። የበርሜሎቹ እጣቢ ለዓመታት ወደ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን መርዞታል አሉ። ይህስ ይገባኛል። ግራ ያጋባኝ መድኃኒቱ ነው። መሬቱን እናሞቀዋለን አሉን።

ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ነቢል የሚባለውን ወጣት፣ ይዤ ጠየቅሁት።

«መሬት እንዴት ይቃጠላል?»

«አይቃጠልም ፋዘር። ይሞቃል ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እንደ ስቲም በሉት። ሳውና ገብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«በቃ ፋዘር፣ መሬቱ ሳውና ሊገባ ነው» ብሎኝ መሰርሰሪያውን ተሸክሞ ሄደ።

ሀይረዲን ይህን ሰምቶ «ጋሽ ሰይፉ፣ ምነው ክረምት ላይ ባደረጉት፤ እግራችንም አብሮ ይሞቅ ነበር» እያለ ደንበኛ ሁሉ ያስቅብኛል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ግቢያቸው የተመረዘባቸው ጎረቤቶች አጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶባቸዋል። ቀይ የተቀባ ቤት ሥራው እስኪያልቅ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ለቆ ይወጣል፤ ጓሮው ይቆፈራል፤ አንዲት ቅጠል አይቀርም። ከግራም ከቀኝም ያሉት ተቀብተዋል። የእኛ ገና አልተወሰነም፤ ለምርመራ በመጡበት ዕለት ቱሉ ዲምቱ ለቅሶ ላይ ነበርን። እስኪመረመር ድረስ የጓሮ አትክልት እንዳንበላ አዘዋል።

የሺሐረግ «እንኳንም ለቅሶ ሄድን» ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሕይወቷ ያ በጓሮ የምታለማው ጎመን መሆኑን ታውቂያለሽ። «ከዚህ ግቢ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው፤ ሲመጡ በር አልከፍትም» ብላኛለች። እኔ ደግሞ እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የቆምሁበት መሬት ምን እንደሆነ ሳላውቅ መኖር አልወድም። የአንቺ ሙያ ይኸው ስለሆነ አስረጂኝ። ምድርን ሲያሞቁ መርዙ ወዴት ይሄዳል? የሚቀረውስ አፈር ነው ወይ?

ጭሱ ጋብ ሲል ሄጄ፣ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ከፖስታ ቤት ልኬዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ

—

ዴንማርክ፣ ኦርሁስ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ሰይፈሥላሴ፤

እንደምን ከረሙ? እጅ እነሣለሁ። እማማ የሺንም ጉልበቷን ሳሙልኝ። በሰው የላከችልኝ በሶ ደርሶኛል። በጉዞ ላይ ምንም አልሆነም፤ የእሷ ነገር ተቆልቶ ስለሚመጣ መቼም አይበላሽ። እናቴ «የሺሐረግ ሳትቆላ የምትልከው ነገር ቢኖር ሰላምታዋ ብቻ ነው» ስትል ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አባባ፣ ያንን ሥራ የሚሠራው የእኛ ድርጅት ነው። ከአቃቂ የሚመጣው አፈር የሚመረመረውም እኔ ባለሁበት ላቦራቶሪ ነው። ሰፈሩን በካርታ ላይ ሳየው ደንግጬ ነበር፤ የእርስዎን ግድግዳ በጣቴ ነካሁት።

ለጥያቄዎ፦ መሬቱ ውስጥ የብረት ቱቦዎች ይተከላሉ። በውስጣቸው በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ አለ። አፈሩ ውኃ ከሚፈላበት በላይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ይተናል፤ መርዙም አብሮ ይተናል። አይቃጠልም፤ አፈሩን ለቆ ይወጣል ማለት ነው። ከላይ መሬቱ በክዳን ይሸፈናል፤ ትነቱን መሳቢያ ማሽን ይስበዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ በከሰል ይጣራል። ዋናው ነገር ይኸ መሳቢያ ነው። ማሞቅ ማንም ይችላል። የሚወጣው ነገር ሰው አፍንጫ እንዳይገባ መያዝ ነው ሥራው።

የሚቀረው አፈር ነው። ግን አልዋሽዎትም፤ ትሉም፣ ሥሩም፣ በውስጡ ያለው ዘርም ይሞታል። ሲበርድ ብስባሽ እየተቀላቀለበት እንደገና ይለመዳል።

እባክዎ፣ እማማ የሺ እንድታስመረምር ይለምኑልኝ። ጎመኑንም ለጊዜው አትብሉት። እርስዎስ የሚያስፈልግዎ ነገር የለም?

ልጅዎ የአብስራ

—

አቃቂ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ከሁለት ቀን

ለልጄ ለየአብስራ፤

የጻፍሽው ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። ረድኤት አይለይሽ፤ ዓይንሽን ከሥራ ብዛት፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይሰውርልሽ።

ያስረዳሽኝ ሁሉ ሳነበው ግልጽ ነው፤ መነጽሬን ሳወልቅ ይደፈርስብኛል። ውኃ ከመሬት በታች ሲፈላ ከላይ ያለው ቤት እንዴት ጸንቶ ይቆማል? ሌላም ያስጨነቀኝ አለ፤ ብትስቂብኝም ልጻፈው። እናትሽ በዚህ ቤት ተወልዳ እትብቷ የተቀበረው ዛሬ ጎመኑ ባለበት መደብ ዳር ነው። ሥጋው ከብዙ ዘመን በፊት አፈር ሆኗል፤ ይህን አልስትም። ግን ያ አፈርስ? እሱም ከሚተነው ወገን ነው ወይስ ከሚቀረው?

መልካሙን ዜና ደግሞ ስሚ። ነቢል ተመልሶ ሲመጣ የሺሐረግ እንደ ዛተችው በር ዘጋችበት። እሱም አፈ ሰፊ ብልቃጥ ለሀይረዲን ሰጥቶ «ከግድግዳው ሥር ሞልተው ይስጡኝ» ብሎ ሄደ። ሀይረዲን ብልቃጡን ይዞ መጣ።

«እትዬ የሺ፣ ይቺን ሞልታችሁ ስጡኝ ብሏል ልጁ።»

«ወስደህ አሸዋ ሙላላት።»

«ዴንማርክ ነው አሉ የሚሄደው።»

«የት?»

«ዴንማርክ። ለምርመራ።»

«የየአብስራ አገር?»

«እሱው ነው እንጂ!»

ይህን እንደሰማች ፊቷ ተለወጠ። ብልቃጡን ተቀብላ በነጠላዋ ጠረገችው። «እሷ እጅ የሚገባ ከሆነማ እኔ ነኝ የማሰናዳው» አለች። እኔ ቆፈርሁ፣ ቀሪውን እሷ ሠራች። ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ነገር በቤታችን እንዴት እንደሚሰናዳ ታውቂያለሽና አላሳፈርንሽም።

የሺሐረግ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጉንፋን ይዟታል። ራሷን ያማታል፣ ያጥወለውላታል፣ ሳሉም አልተዋትም። ቁርስ ሳትቀምስ ፀሐይ ከፍ እስኪል ትተኛለች፤ ይህ ልማዷ አይደለም። ጥምቀትን እንኳ ከቤት ዋለች። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጥቻታለሁ።

ምን ያስፈልግዎታል ላልሽኝ፣ ጥቁር የብዕር ቀለም ብትልኪልኝ በቂዬ ነው።

ለጥያቄዬ መልስ ከማጣት የዘገየ መልስ ይሻለኛልና አትቸኩይ። አሽጌ ልኬዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ

—

ኦርሁስ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እንደምን ከርመዋል? እማማ የሺስ ተሻላት? ቀለሙን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የእናቴን ነገር በተመለከተ የጠየቁኝን ለመመለስ ሞክሬ፣ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይቅርታ፤ መልሱን አላውቀውም።

የእናንተ አፈር ተመርምሯል። ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም። እዚያ ሥራውን የሚመራው ቢሮ ውጤቱን ተቀብሎ ግቢያችሁን ከሚሞቀው ክልል አውጥቶታል፤ ይኸኔ ነግረዋችሁ ይሆናል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን አልገባኝም፣ አባባ። ከግራችሁ ያለው ግቢ ክፉኛ ተመርዟል። ከቀኛችሁ ያለውም እንዲሁ። መርዝ የሰው አጥር አይቶ አይቆምም። የእናንተ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደግሞ ንጹሕ ብቻ አይደለም፤ የትኛውም የጓሮ አፈር ሊኖረው የሚገባው እርጥበት እንኳ የለውም። መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ደግሜ መረመርሁት፤ ያው ነው። አለቃዬ «ይህ አፈር ከዚያ ቦታ የተወሰደ አይመስልም» አለ።

ስለዚህ መጠየቅ አለብኝ። አፈሩ በእርግጥ ከግድግዳው ሥር ነው የተወሰደው? ከሌላ ቦታ የመጣ፣ የተገዛ፣ ወይም ሰው የሰጣችሁ አይደለም? እማማ የሺ ቤቱን መልቀቅ እንደማትፈልግ ጽፈውልኝ ነበርና ነው። ቅር እንዳይሰኙብኝ።

የአብስራ

—

አቃቂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ከስምንት ቀን

ለተከበሩ ለመሐንዲስ የአብስራ፤

የተጻፈልኝ ደብዳቤ በወቅቱ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት በጾሙ ወራት ክፉ ቃል ከብዕሬ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው። ፋሲካው አልፏል፤ ቃሉ ግን አልበረደልኝም። ለላኩልኝ ቀለም ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የምጽፈው በእሱ ነው።

አርባ ዓመት የሰው ልጆችን አማርኛ ሳስተምር የተማሪ ድርሰት ከሌላ ተገልብጦ ሲመጣ በመጀመሪያው መስመር እለየው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ አፈር ገልብጦ ልኳል ተብዬ እጠየቃለሁ ብዬ አላሰብሁም። ለእርስዎ ጥርጣሬ ለመሐንዲስነትዎ የሚበቃ ዝርዝር መልስ እነሆ፤ ሲያነቡት ያፍሩበት።

አፈሩን የቆፈርሁት በእጄ ነው። ከጓሮው ግድግዳ ሥር፣ ከመጨረሻው የጎመን መደብ፣ እስከ ክንዴ ጥልቀት። ጎመኑን ከነሥሩ ነቅዬ ከሥሩ ያለውን ዛቅሁ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቤንዚንና የጫማ ቀለም የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ የነበረው አፈር ነው። የሺሐረግ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ኧረ ወንድም ጋሼ! ይህ የሚሸት ነገር እንዴት ይላካል? እዚያ ያሉት ፈረንጆች ዘመዶቿ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነው የሚልኩላት አይሉም? ልጅቱን ልናሳፍራት ነው?» አለች። እውነቷን ነበር።

በሰፌድ አድርጋ ድንጋዩን እንደ ምስር ለቀመችው። ላስቲክ ላይ አስጥታ ፀሐይ አስመታችው። ሽታው ግን አልለቅ አለ። ስለዚህ ቆላችው። ነፋስ እንዳያቦንነው የማድ ቤቱን በርና መስኮት ዘግታ፣ በቆሎ መቁያዋ ብረት ምጣድ ላይ፣ እየዛቀች እየቆላች ዋለች። ያን ጊዜ ያ ሽታ እንዴት ጎልቶ ወጣ! እኔ በር ላይ ቆሜ ዓይኔ አነባ። እሷ ግን እንደ ኅዳሩ ጭስ በነጠላዋ ወደ ፊቷ እያራገበች «አየኸው ወንድም ጋሼ፣ ክፉው ሁሉ እየወጣ ነው» ትለኝ ነበር። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ አላወረደችውም። ከዚያ አቀዝቅዛ በወንፊት ነፋችውና እንደ በሶ የላመውን ብልቃጡ ውስጥ ሞላችው። ያን ማታ አስመለሳት፤ በማግሥቱም ከአልጋ አልተነሣችም። እስከ ዛሬም ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው።

የየአብስራ ስም ካለበት ዕቃ ላይ አንዲት ጠጠር እንዳትገኝ ጤናዋን የሰጠች ሴት፣ ዛሬ አጭበርባሪ ተብላለች።

ደብዳቤሽን አላነበብሁላትም። ንጹሕ ነው መባሉን ብቻ ነገርኋት። ያን ቀን የተነቀለውን መደብ እንደገና ተከለችው፤ ከቆየው ደግሞ እየቀጠፈች ለጎረቤቱ ሁሉ አደለች። የሀይረዲን ልጆች ሲበሉ ሰነበቱ። ደስታዋን ላጠፋባት አልፈቅድም።

ልጄ ብዬሽ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ግራ ገብቶኛል፣ የአብስራ። አፍንጫዬ ይሸታል ይለኛል፣ መሣሪያሽ ንጹሕ ነው ይለኛል፣ አንቺ ደግሞ ሌባ ነህ ትይኛለሽ። የትኛውን ልመን?

አሽጌዋለሁ። ልልከው አልልከው ስል ሰነበትሁና፣ ልኬዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ

—

ኦርሁስ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባባ፤

ዛሬ ጧት ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብሁት። ተቀምጬ ደገምሁት። ከዚያ ወዲያው ለሀይረዲን ደወልሁ። ይህ ሲደርስዎ እሱ ሁሉን ነግሮዎታል፤ ግን በጽሑፍ ካልሆነ እንደማያምኑኝ ስለማውቅ እጽፈዋለሁ።

አልዋሻችሁም። ይቅር ይበሉኝ። አፈሩ ከዚያው ቦታ ነው፤ ክፉኛም የተመረዘ ነበር። እማማ የሺ ግን አጸዳችው። እኛ በመቶ በሚቆጠር ቱቦ፣ በወራት የምናደርገውን እሷ በምጣድ አደረገችው። ለአለቃዬ ስተረጉምለት መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቁሞ «መሳቢያው የት ነበር?» አለኝ።

መሳቢያ አልነበረም፣ አባባ። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። መርዙ አፈሩን ለቆ የገባው እሷ ውስጥ ነው። ጉንፋን አይደለም የያዛት። ጉበቷና ኩላሊቷ መታየት አለባቸው፤ ለሐኪሙ የሚነገረውን ለብቻው ጽፌ አያይዣለሁ። አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት።

ጎመኑን ንቀሉት። የበላ ሰው ሁሉ ይወቅ። የሀይረዲን ልጆችም ይታዩ፤ በስልክ ይህን ስነግረው «እሺ የአብስራ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ነቢል ብልቃጥ ትቶ መሄድ አልነበረበትም፤ ተነግሮታል። አዲስ ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ይዞ ይመጣል። እርጥቡ አፈር እንደወጣ፣ ሳይለቀም፣ ሳይሰጣ፣ ወዲያው ይታሸጋል። ግን ያለ እናንተ ፈቃድ ማንም አይቆፍርም። ከላካችሁት ምን እንደምናገኝ እኔም እናንተም እናውቃለን፦ ቀይ ቀለም፤ ቤቱን መልቀቅ፤ ባዶ ጓሮ። ካልላካችሁት ወረቀቱ ላይ ንጹሕ እንደተባለ ይቀራል፣ እናንተም እዚያው ትኖራላችሁ።

እማማ የሺን ማዘዝ አልችልም። እባክዎ ይለምኑልኝ። በሶ አልፈልግም። ምንም አልፈልግም። ያንን ቆሻሻ አፈር ላኩልኝ።

ልጅዎ ነኝ፣ ልጄ ቢሉኝም ባይሉኝም።

የአብስራ

—

አቃቂ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ከሃያ ቀን

ለልጄ፣ ለየአብስራ፤

ልጄ ብዬሻለሁ፤ እጄም እሺ ብላለች። በቁጣ የጻፍሁትን ያ አንቺው የላክሽው ጥቁር ቀለም ይሸከመው። እንባሽን የሚያብስ፣ ድካምሽን የሚቆጥር አምላክ ዘወትር ከአጠገብሽ ይሁን።

የሺሐረግን ወስደናታል። ሐኪሙ የጻፍሽውን አንብቦ ቀና ብሎ አያት፤ «አፈር ቆልተው ነው?» አላት። «ለልጅ ስለምልክ ነው» አለችው። ጉበቷ ተጎድቷል። ይድናል ይላሉ፤ ሰውዬው ይህን ሲል ግን ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ እኔ አላየም። ሳሏ ቀንሷል። የሀይረዲን ልጆች ደም ተመርምሮ እስካሁን ክፉ ነገር አልተገኘባቸውም፤ ተመልሰው እንዲታዩ ቀጠሮ አላቸው።

የሆነውን ልንገርሽ። ሀይረዲን በአፉ ሊነግረን አልደፈረም ነበርና፣ መጀመሪያ የአንቺን ደብዳቤ ሳነብላት አላመነችም። «ንጹሕ ነው ብላ የለ? አሁን ደግሞ ምን መጣባት?» አለች። ምጣዱ ምን እንደሠራ አስረዳኋት፤ ሳስረዳት እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። ከዚያ ስለ እሷ ሳልም ራስ ምታትም ነገርኋት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ንጹሕ ተብሏል፣ ተወው» አለች። የሀይረዲንን ልጆች ስም ያነሣሁ ጊዜ ግን የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። መንገዱን ተሻግራ ሱቁ ፊት ቆመች። ከኋላዋ ነበርሁ።

«ሀይረዲን፣ ለልጆችህ የሰጠሁት ጎመን አፈሩ የጠራ አልነበረም።»

«ሰምቻለሁ እትዬ የሺ። የአብስራ ነገረችኝ።»

«ሰምተህ ነው ይህን ያህል ቀን ደኅና አደሩ ስትለኝ የከረምኸው?»

«ታዲያ ምን ልበልዎ? በልተውታል።»

ሰው ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ፊታቸውን አይቶ ተመለሰ።

«ለቀሩት እኔ ልንገርልዎ? እርስዎ ይረፉ» አላት።

«አይሆንም። በእጄ የሰጠሁትን በአፌ ልንገር።»

እየሳለች፣ ግድግዳ እየያዘች፣ ጎመን የሰጠችበትን ደጃፍ ሁሉ አንኳኳች። አንዳንዱ ይቅር አላት፤ አንዲት ሴት በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት። ስትመለስ አጥራችንን አይታ «ቀዩን ቀለም ጥሩልኝ» አለች።

ነቢል ዛሬ ጧት በረዶ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ጥፋቱን ስለሚያውቅ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

«ማዘር፣ እኔ ልቆፍርልዎ።»

«ዶማውን አምጣ። ግቢው የእኔ ነው።»

«እሺ ማዘር። ግን አደራ፣ ምጣዱን ደብቁልኝ።»

ደንግጬ አየሁት። የሺሐረግ ግን ሳቀች፤ ሳሏ እስኪነሣ ሳቀች። ሳሉ ከያዛት ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እንደገና የተከለችውን ጎመን ከነሥሩ ነቀለች፤ ከሥሩ ያለውን ጥቁር እርጥብ አፈር ዛቀች። ጠጠሩን ሳትለቅም፣ ትሉን ሳታወጣ ብልቃጡ አፍ ድረስ ሞላች። እጇ ግን ልማዷን አልረሳም፤ ሁለት ጊዜ ወደ ሰፌዱ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ነቢል ክዳኑን ሲያጠብቅ «ያሳፍራል እኮ» አለችኝ በጆሮዬ።

የሚመጣውን ውጤት ሁሉም ስለሚያውቀው፣ በሐምሌ ቤቱን እንለቃለን። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሰጥተውናል፤ መስኮቱ ወደዚህ ይሁን ወደዚያ ገና አልለየሁትም። ስላስረዳሽኝ ነገር አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። መርዙን ማውጣት ገብቶኛል። ትሉና ሥሩ እንደሚሞትም ነግረሽኛል። የእናትሽ እትብት ያለበት አፈር ከዚያ ሁሉ ሙቀት በኋላ ሲበርድ እኛን ያውቀን እንደሆነ ግን የጠየቅሁትን የሚመልስ አላገኘሁም። መልሱን አላውቅም ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ከደብዳቤዎችሽ ሁሉ ያን መስመር ነው ደጋግሜ የማነበው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዚህ ደብዳቤ እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ታገኛለሽ። የጎመኑ ዘር ነው። ሕጋችሁ ይከለክል እንደሆነ አላውቅም፤ የሺሐረግን ብጠይቃት «አፈሩ ሲበርድ ትመልስልኛለች፤ እስከዚያ እሷ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝ። ቋጠሮውን ከመስፋቷ በፊት ወደ ብርሃን አቅርባ አሳየችኝና፣ እንዲህ ብለህ ጻፍላት አለች፦

«አልቆላሁትም።»

ብልቃጡን ነቢል በበረዶው ውስጥ ወስዶታል። ደብዳቤውን እኔ አሽጌ፣ በዝናቡ መካከል ሄጄ ልኬዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ